ጎን እያዩ እጅ ማውጣት

የቦሌ አራብሳ ጎረቤቶቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ራሴንም ጨምሬ።

ባለፈው እሑድ የብሎካችን ስብሰባ ላይ የውሃ ፓምፕ መዋጮ ለድምፅ ቀረበ። ደረጃውን ስንወርድ ሁላችንም "የባለፈው ብር የት ገባ?" እየተባባልን ነበር። "የምትደግፉ" ሲባል ግን እጆች ወጡ። ቀስ ብለው፣ ግራ ቀኝ እያዩ። የኔም ወጣ፤ እስከ ጆሮዬ ድረስ ብቻ። "የምትቃወሙ?" ሲባል ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እማማ ነጠላቸውን ሰብስበው ብቻቸውን እጃቸውን አወጡ። ያውም የኮሚቴው ጸሐፊ ልጃቸው ነው! እኛስ ምን አልን? "ማን ልኳቸው ነው?" "ልጃቸውን አዋረዱት እኮ።" እሳቸው የጠየቁት ደረሰኝ ነው።

ማታ ቡና ላይ ደግሞ "የፓርላማ አባል እጅ ከማውጣት ሌላ ምን ያውቃል" ብለን የምንስቀው እኛው ነን።

የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 54 እስቲ አንብቡት። የምክር ቤት አባል ተገዢነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ብቻ ነው። ከሦስቱ ውስጥ ፓርቲ የለም። በሰጠው ድምፅም አይከሰስም። ታዲያ ምን ያስፈራዋል? ለቀጣዩ ምርጫ ዕጩ የሚያደርገው ፓርቲው ነዋ። እኛማ ምልክቱን አይተን መርጠን ወደ ቤት ነው፤ ስሙን እንኳ አንይዝም።

የካቲት 23 ቀን 2010 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ለፓርላማ ሲቀርብ 88 አባላት ተቃወሙ፤ 7 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። በ2007ቱ ምርጫ 547ቱንም ወንበር የወሰዱት ኢሕአዴግና አጋሮቹ እንደነበሩ አትርሱ። ተቃዋሚዎቹ ከዚያው ቤት የወጡ ናቸው። አዋጁ ጸደቀ፤ ይሁን። ግን ከ88ቱ የአንዱን ስም የሚነግረኝ አለ? እኔም አልችልም። ታክሲ ውስጥ የሰማሁት ክርክር "ከጀርባቸው ማን አለ?" የሚል ነበር። ኅሊና የሚባል ነገር ለማንም ትዝ አላለውም።

እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2003 ለኢራቅ ጦርነት ድምፅ ሲሰጥ 139 የገዢው ሌበር ፓርቲ የፓርላማ አባላት የራሳቸውን ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌርን ተቃውመዋል። እነሱም ጦርነቱን አላስቀሩም። እዚያ ግን ማን ደገፈ፣ ማን ተቃወመ የሚለው በየስሙ ተመዝግቦ ይወጣል። መራጩ የሚያመሰግነውንም የሚወቅሰውንም ያውቃል።

ፓርቲውን የተቃወመ ሁሉ ጻድቅ ነው አልወጣኝም። ሹመት ቀርቶበት ያኮረፈም ሞልቷል። እሱን ለመለየት ግን ሰውየው ያለውን መስማት ይቀድማል። እኛ ገና አፉን ሳይከፍት "ከሃዲ" እንላለን።

ዛሬ ጠዋት እማማን ውሃ ወረፋ ላይ አገኘኋቸው። ጀሪካኑን ልያዝልዎት አልኳቸው።

"ጀሪካኑን እኔው እይዘዋለሁ ልጄ" አሉኝ። "አንተ እሑድ ና። ስብሰባ አለ።"