ለወጥ ነው ለቅቅል?

ጀርመን ሱፐርማርኬት ገብቶ ድንች መግዛት ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ከረጢቱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ቀለም አለ። አረንጓዴው ሲቀቀል የማይፈርሰው ነው፤ ለሰላጣ ይሆናል። ሰማያዊው ዱቄታም ነው፤ ተደፍጥጦ ይበላል። ቀዩ መሃል ላይ ነው። የዝርያው ስምም ተጽፎበታል።

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ግን የምትጠየቁት «ስንት ኪሎ ላድርግ?» ብቻ ነው። ለወጥ ነው ለቅቅል የሚል የለም። ቤት ሲገባ አንዱ ወጡ ውስጥ ሟሙቶ ይጠፋል፣ ሌላው አልበስል ይላል። ጥፋቱ ደግሞ የወጥ ሠሪዋ ይሆናል!

የሚገርመው ገበሬው ያውቃል። ደባርቅና ዳባት በኩል ብትጠይቁ «ይሄ ጉደኔ ነው፣ ያ በለጠ» የሚላችሁ አታጡም። ሁለቱም ከሆለታ የምርምር ማዕከል የወጡ ዝርያዎች ናቸው፤ ጉደኔ እ.ኤ.አ. በ2006፣ በለጠ በ2009። ቅጠሉን አጥቁሮ ድንቹን የሚያበሰብሰውን የክረምት በሽታ ይቋቋማሉ ተብለው የተመረጡ ናቸው። በሽታው ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ አየርላንድ ውስጥ ሚሊዮን ያህል ሰው ያለቀበት ረሃብ የመጣው በእሱ ነው። ይህ ሁሉ የተለፋበት ዝርያ ጎንደር ሲደርስ ጆንያ ውስጥ ተደባልቆ ስም የለሽ ይሆናል።

ንቀትም አለበት። እንግዳ ሲመጣ ድንች ወጥ ማቅረብ ያሳፍራል፤ እኔ ባደግኩበት ቤት እንኳ ያሳፍር ነበር። ጀርመኖቹም ድሮ እንዲሁ ነበሩ። ከአንዲስ ተራሮች የመጣውን ባዕድ ምግብ ገበሬው ሲጠራጠር ንጉሣቸው ፍሬድሪክ እ.ኤ.አ. በ1756 ትከሉ ብሎ ትእዛዝ አወጣ። ዛሬ መቃብሩ ላይ ድንች ያስቀምጡለታል። ወደ እኛም ያመጣው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር ነው ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ1858። የኛ ደገኛ ግን ትእዛዝ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። ድንች በሦስት አራት ወር ይደርሳል፤ ገብሱ ገና ሳይታጨድ ቤተሰቡን ያሻግራል።

አበሳሰል ላይ ለጎንደር እፈርዳለሁ። ከነልጣጩ ተቀቅሎ፣ ሚጥሚጣ ነስነስ ተደርጎበት! ከነልጣጩ ሲበስል ቫይታሚን ሲውም ውሃው ውስጥ ብዙ አይቀርም። መቶ ግራም ቅቅል 87 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ያው መቶ ግራም የታሸገ ችብስ ከ500 ያልፋል። የጾሙን የቀይ ሥርና የድንች ሰላጣ ደግሞ፣ በሎሚና በቃሪያ፣ በምንም አልለውጠውም። የሰሜን ጀርመኖቹ ማዮኔዝ ውስጥ ያሰጥሙታል። የደቡቦቹ በመረቅና በኮምጣጤ ነው፤ እሱ እንኳ ይሻላል።

ገበያው ላይ የሚያናድደኝ ፀሐዩ ነው። ድንቹ ሸራ ላይ ተሰጥቶ ይውላል፣ ቀስ እያለ አረንጓዴ ይሆናል። ቀለሙ ብቻውን ምንም አልነበረም፤ ግን ሶላኒን የሚባል መርዝም አብሮ ይጨምራል፣ ቅቀላም አያጠፋውም። አንዷን ሻጭ በጆንያ ብትሸፍኚውስ ብላት «ወንድሜ፣ ከሸፈንኩት ማን ያይልኛል?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የተቀመጠችበት ለራሷም ጥላ የለውም። ጥላ እስኪሠራላቸው እናንተ ከክምሩ ሥር ያለውን ምረጡ። ትንሽ ቢያረነጉድ በደንብ ገባ አድርጋችሁ ቁረጡለት፤ ከመረረ ግን ጣሉት።