«እንደ ልጄ ነው የማያት» ውል አይሆንም

ባለፈው እሁድ የኮንዶሚኒየማችን ነዋሪዎች ስብሰባ ነበረን። ኮሚቴው አንድ ውሳኔ አሳለፈ። ሞግዚት ወይም የቤት ሠራተኛ ያለው ሁሉ የልጅቷን መታወቂያ ኮፒ፣ ሁለት ጉርድ ፎቶና የተያዥዋን ስልክ ቁጥር ያስመዝግብ። ከግቢ ስትወጣም ቦርሳዋ ይፈተሽ። አንዲት ጎረቤቴ እጇን አውጥታ «ካልቀረ የሥራ ውልም አብረን ብናስሞላስ?» ብላ ጠየቀች። ከኮሚቴው አንዱ ተነስቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እኛ እኮ እንደ ልጆቻችን ነው የምናያቸው። በቤተሰብ መሃል ምን ውል ያስፈልጋል?» ሰው አጨበጨበ። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ደሜ እንደፈላ ነው።

የገዛ ልጁን ቦርሳ በር ላይ የሚያስፈትሽ አባት ማነው? ለልጁ ተያዥ የሚጠይቅስ? ልጅህ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስታ ጡጦ ቀቅላ፣ ቁርስ ሠርታ፣ ቀኑን ሙሉ ሕፃን አዝላ ውላ፣ ማታ 4 ሰዓት ላይ የመጨረሻውን ሳህን አጥባ ስትተኛ ዝም ትላለህ? ሦስት ቀን ስትታመም ደላላ ጋ ደውለህ «ሌላ ፈልግልኝ» ትላለህ? አትልም። ስለዚህ ልጅህ አይደለችም፤ ሠራተኛህ ናት። «እንደ ልጄ» የሚባለው ቃል የሚመጣው ደመወዝ ጭማሪ ስትጠይቅና እሁድ ልረፍ ስትል ብቻ ነው። ሃምሳ ብር የጠፋ ቀን ማንም አያስታውሰውም።

ሕጉስ? ሕጉም እንደ ኮሚቴው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል አገልግሎትን፣ ማለትም የቤት ሠራተኛንና ሞግዚትን፣ ከሽፋኑ ያወጣል። የሥራ ሁኔታቸውን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ይወስናል ይላል። ይኸው ቃል በፊተኛው አዋጅ በ377/1996ም ነበር። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ደንቡ ሳይወጣ አዋጁ ተሻረና አዲሱ አዋጅ ያንኑ ተስፋ መልሶ ጻፈው። ዛሬም እየጠበቅን ነው። ለእሷ የቀረላት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አንቀጽ 2601 አሠሪው አብራው የምትኖር ሠራተኛውን ጤናና ሞራል እንዲጠብቅ ያዛል። ጥሩ ነው፤ ግን ስንት ሰዓት ትሥራ፣ ስንት ቀን ትረፍ የሚል ቁጥር የለበትም። ደመወዟን ብትከለከል ፍርድ ቤት መሄድ ትችላለች፤ የቃል ውልም ውል ነው። ምስክሯ ግን ማነው? አፉን ያልፈታው ሕፃን?

አሁን እኔን ከሁሉ በላይ ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ይቺው ልጅ በሕጋዊ መንገድ ወደ ዓረብ አገር ልሂድ ብትል መንግሥት በአዋጅ ቁጥር 923/2008 ይጠብቃታል። ከተቀባይ አገር ጋር የሁለትዮሽ ስምምነት መኖር አለበት። ኤጀንሲው ፈቃድ ያስፈልገዋል። ውሏ በሚኒስቴሩ ካልጸደቀ አትሄድም። ኢንሹራንስ ይገባላታል፤ ሠልጥና የብቃት ማረጋገጫ ትይዛለች። ትክክል ነው፣ ይገባታል። ግን ያቺው ልጅ አውሮፕላን መሳፈሯን ትታ እዚሁ አዲስ አበባ ከመገናኛ ታክሲ ይዛ አያት ሰፈር ብትወርድና እዚያ ብትቀጠርስ? ሥልጠና የለ፣ ኢንሹራንስ የለ፣ ውል የለ፣ የሚያጸድቅም የለ። ያለው ከሁለቱም ወገን ኮሚሽን የሚቀበል ደላላ ብቻ ነው። ኳታርን እንይ። በፈረንጆቹ 2017 ባወጣችው ሕግ ቁጥር 15 የቤት ሠራተኛ የቀን ሥራ ቢበዛ 10 ሰዓት ነው፤ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ከክፍያ ጋር ታርፋለች፤ በዓመት ሦስት ሳምንት ፈቃድ አላት። ሕጉ እዚያም በየቤቱ ይከበራል እያልኩ አይደለም፣ እህቶቻችን የሚያዩትን መከራ ሁላችንም ሰምተናል። ግን የተጣሰባት ልጅ ቢያንስ «ይኼ ሕግ ተጥሶብኛል» የምትለው ነገር አላት። አዲስ አበባ ላይ ምን ብላ ትክሰስ? ከዓረብ አገር አንድ ቪዲዮ ሲመጣ እናለቅሳለን፣ ሼር እናደርጋለን፣ እንሳደባለን። ከዚያ ስልኩን አስቀምጠን በ15 ቀን አንድ ግማሽ ቀን የማትወጣውን ልጅ «ሻይ አምጪ» እንላታለን። የዓረቡን ማዳም ለመውቀስ መጀመሪያ ከእሷ የተሻለ ነገር በወረቀት ላይ ማስፈር አለብን።

ዕድሜውማ አይነሳ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከ15 ዓመት በታች መቅጠርን ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ያለውንም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አታሠሩ ይላል። ይኼም ለፋብሪካውና ለሱቁ ነው። ቤት ውስጥ ግን ሕፃን ሕፃን አዝላ እናያለን፣ ዝም ብለን እናልፋለን። ኮሚቴው የመታወቂያ ኮፒ ሲሰበስብ መታወቂያ ለማውጣት ዕድሜዋ ያልደረሰችውን ልጅ ምን ሊያደርግ አስቧል? ያንን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ስብሰባው ላይ «ሕግ ከመጣ ሞግዚት መቅጠር አንችልም» ያለም ነበር። ኑሮ መወደዱን አልክድም። ግን የእረፍት ቀን ምን ያህል ብር ያስወጣል? ሰዓት ወስኖ መጻፍስ? ሌባ ነው የምንፈራው ለሚሉትም፣ ስሟ፣ አድራሻዋና ፊርማዋ ያለበት ውል ከፍተሻ በተሻለ አሠሪውንም ይጠብቃል።

እኔ ራሴ እናት ነኝ። የወሊድ ፈቃዴ 120 ቀን ነበር፤ 30ው ከመውለዴ በፊት አለቀ። ልጄ ሦስት ወር ሲሆነው ለሞግዚት ሰጥቼ ቢሮ ገባሁ። እኔን ቤት ያስቀመጠኝ አዋጅ እኔን ቢሮ የመለሰችኝን ሴት አያውቃትም። እኔም ሁለት ዓመት ያለ ውል አሠራኋት፣ ያሳፍረኛል። አምና ቁጭ ብዬ በእጄ ጻፍኩት። እሁድ ሙሉ ቀን የራሷ ነው። በዓመት 16 የሥራ ቀን ታርፋለች፣ እኔ የመጀመሪያ ዓመት ያገኘሁትን ማለት ነው። ደመወዟ ወር በገባ በ25 በባንክ ይገባል። ሥራዋ ልጁ ነው፤ እንጀራ መጋገርና ልብስ ማጠብ አይደለም። ሌሊት ሲያለቅስ የምንነሳው እኔና አባቱ ነን። ካተኮሰው መጀመሪያ ለማን እንደምትደውል፣ ሳትጠይቅ መድኃኒት እንዳትሰጠው፣ እሷ ስትታመም ማን እንደሚያሳክማት፣ ለመውጣት ስትፈልግ ስንት ቀን አስቀድማ እንደምትነግረኝ፣ እኔም እንዲሁ፣ ሁሉም ተጻፈ። ሁለት ገጽ አልሞላም። ሳነብላት ግን ፊቷ ተለዋወጠ። «እትዬ፣ ሊያስወጡኝ ነው እንዴ?» አለችኝ። በሥራ ዘመኗ ሁሉ ወረቀት ያየችው ስትባረር ብቻ ነበር።

የኮሚቴው ቅጽ እጄ ላይ ነው። አንድ ገጽ ነው፣ የሚጠይቀው ሁሉ ከእሷ ነው። የአሠሪው ስም እንኳ የሚጻፍበት ቦታ የለውም። የሥራ ሰዓቷ፣ የእረፍት ቀኗና ደመወዟ የሚጻፍበት ሁለተኛ ገጽ ይጨመርበት፤ እኛም እንፈርም። እስከዚያ ድረስ ከእኛ ቤት የሚሄድላቸው ፎቶም፣ በር ላይ የሚከፈትላቸው ቦርሳም የለም።