እርማት፦ «ከ7 ሰከንድ ካነሰ ፈቃድ አያስፈልግም» ስለሚባለው

ስለ ኖይዝ ሙዚቃ (ከጫጫታና ከተዛባ ድምፅ ስለሚሠራ ሙዚቃ) በሚሰጡ አስተያየቶች ውስጥ፣ ከሌላ አርቲስት የድምፅ ቅጂ የተወሰደው ቁራጭ ከ7 ሰከንድ ካልበለጠ ያለ ፈቃድ ማቀናበር ይቻላል የሚል ሐሳብ በተደጋጋሚ ይነበባል። በቅንነት እንደሚጻፍ ባልጠራጠርም፣ እንዲህ ያለ በሰከንድ የተለካ ገደብ በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ኅብረት የቅጂ መብት ሕግ ውስጥ የለም።

እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ የአሜሪካ ፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ፈንካዴሊክ ከተባለው የሙዚቃ ቡድን ቅጂ ተወስዶ ቃናው ዝቅ የተደረገና እየተደጋገመ የገባ የ2 ሰከንድ የጊታር ድምፅ ፈቃድ እንደሚያስፈልገው ወስኗል። በ2016 ሌላ የይግባኝ ፍርድ ቤት ከሰከንድ ሩብ ባነሰ የመለከት ድምፅ ላይ ተቃራኒውን ወስኗል፤ ምክንያቱ ግን ተራ አድማጭ የድምፁን ምንጭ አይለይም የሚል ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም በ2019፣ ክራፍትወርክ ከተባለው የሙዚቃ ቡድን ቅጂ ስለተወሰደ የ2 ሰከንድ ያህል ምት ሲወስን፣ እጅግ አጭር ቁራጭም በመርህ ደረጃ ፈቃድ እንደሚጠይቅ፣ በአዲሱ ሥራ ውስጥ በጆሮ እስከማይለይ ከተለወጠ ግን ማባዛት እንደማይባል ገልጿል። ለኖይዝ አቀናባሪ ይበልጥ የሚጠቅመው ጥያቄም ይኸው ይመስለኛል፤ ዲስቶርሽን (ድምፅን ማዛባት) እና ፊድባክ (ከድምፅ ማጉያ ወደ ማይክሮፎን ተመልሶ የሚገባ ድምፅ) ምንጩን ምን ያህል እንደሚያጠፉት ሰዓት አይነግርም።

ማረጋገጥ የሚፈልግ የሚሠራበትን አገር የቅጂ መብት አዋጅ ከፍቶ የሰከንድ ቁጥር ይፈልግበት፤ ፍርዶቹም በኢንተርኔት በነጻ ይነበባሉ። በዚህ አባባል ተማምኖ አልበም የሚያወጣ ሰው፣ በ3 ሰከንድ ቁራጭ የተነሳ ሥራው ከገበያ ሊነሳበትና ካሳ ሊጠየቅ ይችላል።