ጎጃም ሁለት ጣት ሲመርጥ ያልተነገረው

ምርጫ በመጣ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ «ተቃዋሚዎች ለምን አንድ አይሆኑም?» ተከትላም «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ትመጣለች። ይህች ምክር ጎጃም ላይ አንዴ ተሞክራለች። ድሩ አብሮ ነበር። ጫፉን ማን እንደያዘው ግን ለመራጩ የነገረው የለም።

የማወራው ስለ 1997 ነው። መኢአድ፣ ኢዴአፓ-መድኅን፣ ቀስተ ደመና እና የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ሊግ የሚባሉ አራት ተቃዋሚ ፓርቲዎች ተሰባስበው «ቅንጅት ለአንድነትና ለዴሞክራሲ» በሚል ስም ለግንቦት 7ቱ ምርጫ ቀረቡ። ምልክታቸው ሁለት ጣት፣ የገዥው ግንባር የኢሕአዴግ ደግሞ ንብ። ለማር አገር ንብ የምትመች ምልክት ትመስላለች። በብዙ የጎጃም ወረዳ ግን አልተመቸችም።

አዲስ አበባ ላይ የዚያ ጊዜ ወሬ የቴሌቪዥን ክርክሩና የሚያዝያ 30ው የመስቀል አደባባይ ሰልፍ ነበር። የጎጃም ገበሬም ክርክሩን በሬዲዮ ሰምቷል። ሒሳቡ ግን ሌላ ነበር። በ1989 መሬት ሲደለደል፣ በደርግ ወይም በንጉሡ ዘመን ትንሽም ብትሆን ሹመት የነበረው ሰው «ቢሮክራሲ»፣ «ፊውዳል» ተባለ። የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ሆኖ የሠራም አልቀረለትም። ከአራት ጥማድ፣ ማለትም ከአንድ ሔክታር፣ በላይ እንዳይዝ ተደረገ። የተረፈው ለሌላ ተሰጠ። መሬት ያገኘ ደስ ብሎት ይሆናል። የተቀማው ግን በየቀኑ የጎረቤቱን አዝመራ እያየ ነው የሚውለው።

በዚያ ላይ የማዳበሪያ ዕዳ አለ። መሬቱን የደለደለው ቀበሌ፣ ዕዳውን የሚሰበስበው ቀበሌ፣ «ንብን ምረጡ» እያለ የሚዞረውም ያው ቀበሌ። ታዲያ ገበሬው ሁለት ጣት ሲመርጥ የአራቱን ፓርቲዎች ፕሮግራም አገናዝቦ ነው? አይመስለኝም። መልስ እየሰጠ ነበር። መብቱም ነው። ጎጃም እኮ በ1960 በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ጠመንጃ ያነሳ፣ አገረ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴን ከሹመታቸው ያስነሳ አገር ነው። በ1997 ያንን ቁጣ በወረቀት መግለጥ መቻሉ ትልቅ ነገር ነበር።

ችግሩ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ምርጫ ቦርድ ከ547ቱ ወንበር ለኢሕአዴግ 327፣ ለቅንጅት 109 ሰጠ። ቅንጅት ተጭበርብሯል አለ። ከዚያም «ፓርላማ ይገባ ወይስ አይገባ?» የሚል ክርክር ተነሳ። በቅስቀሳው ወቅት «ካሸነፍን» ብቻ ነበር የሚወራው። ግማሹን ባናገኝስ? ውሳኔው የሥራ አስፈጻሚው ነው? የእያንዳንዱ ፓርቲ ነው? ወይስ የተመራጩ? ድምፁን የሰጠው ሰው ይህን አልተጠየቀም። ነገሩ አዲስ አበባ ተቋጨ።

መንግሥት ምን እንዳደረገ አልረሳሁም። ከምርጫው በኋላ የተነሳውን ግጭት ካጣራው ኮሚሽን አባላት አንዳንዶቹ 193 ሲቪሎች መገደላቸውን ተናግረዋል። የቅንጅት መሪዎችም ታስረው ሐምሌ 1999 በይቅርታ ወጡ። ግን ፓርቲዎቹ ስለ መዋሃድና የየራሳቸውን ማኅተም ስለ ማስረከብ ያነሱት ጭቅጭቅ ከእስሩ በፊት የጀመረ ነው፤ የእስር ቤት ግድግዳ አልፈጠረውም። በመጨረሻ መኢአድ ወደ መኢአድነቱ ተመለሰ። ሌላው አንድነት ፓርቲን መሠረተ፣ ሌላው «ግንቦት 7» የሚል ንቅናቄ ይዞ ወጣ። «ቅንጅት» የሚለው ስም ደግሞ በምርጫ ቦርድ ውሳኔ ከቅንጅት ሰዎች አንዱ በነበሩት በአቶ አየለ ጫሚሶ ዘንድ ቀረ። ገበሬው? ማዳበሪያ ሊጠይቅ ወደዚያው ቀበሌ ሄደ። በ2002 ኢሕአዴግና አጋሮቹ 545 ወንበር ሲወስዱ የሚገርም ነገር አልነበረም።

ይህ የተቃዋሚ ብቻ በሽታ እንዳይመስልብን። በ2007 ጎጃም በኢሕአዴግ የአማራ ክልል ድርጅት በብአዴን በኩል ኢሕአዴግን መርጧል ተባለ። በ2012 ግንባሩ ፈርሶ ብልጽግና ሆነ። ያንን ሲያደርጉ መራጩን የጠየቀ አለ? ምርጫው የመጣው በ2013 ነው፣ ሁሉ ካለቀ በኋላ።

አሁን በአዋጅ 1162/2011 ፓርቲዎች መቀናጀት፣ ግንባር መፍጠርም ሆነ መዋሃድ ይችላሉ። በአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ድምፅ እንዳይከፋፈል መቀናጀቱ ያዋጣል፤ እዚህ ላይ ጠብ የለኝም። ግን ቀጣዩ ቅንጅት ጎጃም ሲወርድ፣ ከ2015 ጀምሮ ያለው ጦርነት መውረጃ ከሰጠው ማለቴ ነው፣ ከድምፅ ማጉያው ጋር የስምምነት ሰነዱንም ይያዝ። ግማሹን ወንበር ባታገኙ ፓርላማ ትገባላችሁ? ብትጣሉ ወንበሩ የማን ነው? ሳትጠይቁን ትዋሃዳላችሁ? ፍኖተ ሰላም ላይ፣ በገበያ ቀን ቆመው ይህን ከመለሱ፣ ሁለት ሆነው ይምጡ አምስት ግድ የለኝም።