በወጥ ረገድ ውስንነት ታይቷል

ባለፈው ሐሙስ ማታ ከሥራ ገብቼ መሶቡን ስከፍት እንጀራና ሽሮ ብቻ አገኘሁ። ሽሮውስ የኖርንበት ነው። ያስደነገጠኝ ባለቤቴ ከጓዳ ሆና ያለችው ነገር ነው።

«በወጥ ረገድ ውስንነት ታይቷል።»

ቀልድ መስሎኝ ብቅ ብዬ አየኋት። ፊቷ ላይ የቀልድ ጭላንጭል የለም።

«ሽንኩርት አልቆ ነው?»

«ሽንኩርትም ዘይትም። ችግሩን በዘላቂነት ለመፍታት ከባለድርሻ አካላት ጋር እየተሠራ ነው።»

ባለድርሻ አካላት የተባልኩት እኔ ነኝ። ብቻዬን «አካላት»።

በሽታውን ቤት ያስገባሁት ራሴ ነኝ፤ አልክድም። የምሠራው እዚሁ ደሴ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ነው፤ ሥራዬም የሩብ ዓመት ሪፖርት ማጠናቀር። ከየክፍሉ የሚመጣውን ወረቀት ሰብስቤ፣ አንድ ቋንቋ አስይዤ፣ ወደ ላይ እልካለሁ። አንድ ጊዜ ከታች «የሰፈሩ ውሃ ቆሟል» የሚል መጣ። አለቃዬ እስክሪብቶውን አነሳና «ቆሟል» የሚለውን ሰርዞ «መቆራረጥ ይስተዋልበታል» ብሎ ጻፈበት።

«የሚቆራረጥ እኮ አልፎ አልፎ የሚመጣ ነው፤ ይሄኛው ከፋሲካ ወዲህ ጠብ አላለም» አልኩት። የማውቀውም ሰፈሩ የራሴ ስለሆነ ነው።

«እሱን በቀጣይ ትኩረት የሚሹ ጉዳዮች ውስጥ አስገባው» አለኝ። አስገባሁት። እስከ ዛሬ እዚያው አለ። በየሦስት ወሩ ከነነጠላ ሰረዙ እገለብጠዋለሁ።

ሰው ይሄን ቀኑን ሙሉ ሲጽፍ ውሎ ማታ ቤቱ ሲገባ አፉን እንደ ጫማ በር ላይ አውልቆ አይገባም። መጀመሪያ የተያዘው ልጄ ነው። የሒሳብ ውጤቱን ጠየቅሁት፤ ከመቶ 38። ሳልቆጣው ቀደመኝ። «አባዬ፣ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት ጋር ሲነጻጸር የ6 ነጥብ ዕድገት አለው።» እጄ ቀበቶዬ ላይ እንዳለ ቀረ። ዕድገት ያስመዘገበን ልጅ እንዴት ብለህ ትገርፋለህ?

ከዚያ እናትየው ተያዘች። ቀጥሎ ሰፈሩ። የዕድራችን ገንዘብ ያዥ ድንኳኑ መቀደዱን ሲነግረን «አየር የሚያስገባ ክፍተት ተፈጥሯል» አለ፤ ለቅሶ ላይ ዝናብ ወርዶብን ነው የተረዳነው። አንድ ቀን ከፒያሳ ቧንቧ ውሃ ወደሚባለው ሰፈር በባጃጅ ስሄድ ደግሞ ነጂው ከለመድኩት በላይ ጠየቀኝ። ምነው ስለው «ማስተካከያ ተደርጓል» አለኝ፣ ፊቱን እንኳ ሳያዞር።

ማስተካከያ! እኔ ስማር የሚስተካከለው የተጣመመ ነገር ነበር። ዛሬ የሚስተካከል ነገር ሁሉ ወደ ላይ ነው የሚስተካከለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ሥርዓት «ሲሻሻል» አንድ ዶላር ወደ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ከመቶ ብር አለፈ። እኔ በሕይወቴ አንድ ዶላር ይዤ አላውቅም። ዘይቱ ግን ይዞ ያውቃል፤ ከውጭ ነዋ የሚመጣው፤ ቂሙን የሚወጣው ደግሞ እኔ ላይ ነው። ነዳጁም ተስተካከለ፤ በነዳጁ የሚመጣው ቲማቲምም እንደ ወንድም ተከትሎ ተስተካከለ።

ደመወዝስ አልተጨመረም ወይ ትሉ ይሆናል። ተጨምሯል፤ ሐቁን መካድ ነውር ነው። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ከፍ ብሏል፤ በዲግሪ የሚጀምረውም ከ6,940 ወደ 11,500። ዜናው እንደተነገረ በማግስቱ ጠዋት የሰፈራችን ባለሱቅ ከሩቁ ሲያየኝ ከመደርደሪያው ጀርባ ወጥቶ ጨበጠኝ። «እንኳን ደስ ያለህ ወንድምዓለም!» አለ። በዚያው በጨበጠኝ እጁ ነው ዘይቱ ላይ የተለጠፈውን የዋጋ ወረቀት የቀየረው። ጭማሪው ኪሴ ሳይገባ የሄደበትን ያወቅሁ እኔ ነኝ።

መብራትም አለ። መጋቢት 24 ቀን 2003 የሕዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ ሲጣል ገና አዲስ ተቀጣሪ ነበርኩ፤ የወር ደመወዜን ለቦንድ ፈርሜያለሁ፤ ማንም ሳይጎተጉተኝ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብዬ ዓይኔ እንባ አቅርሯል። 5,150 ሜጋ ዋት! በዚህ አልቀልድም። ሰሞኑን ግን መብራት ሲሄድ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ «የኃይል መዋዠቅ ነው» አለችኝ። እህቴ፣ የሚዋዥቅ ነገር እኮ ከፍም ዝቅም ይላል፤ ይሄኛው ዝቅ ብሎ ቀረ፤ እኔ ሻማ ይዤ ነው የማወራሽ። የሚያበግነኝ መጥፋቱ አይደለም፤ ሽቦ ነው፣ ይበጠሳል። አንድ ሰው ደፍሮ «ጠፍቷል» አለማለቱ ነው።

ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ያለውን ሐዲድ ታውቁታላችሁ። ከአዋሽ ኮምቦልቻን አቋርጦ ሐራ ገበያ የሚዘልቅ፣ 392 ኪሎ ሜትር፣ ሥራው በ2007 የተጀመረ። ዋሻው አለ፣ ድልድዩ አለ። በጦርነቱም ጉዳት ደረሰበት። የአክስቴ ልጅ ሥራው ሲጀመር አንደኛ ክፍል ነበር፤ «ሳድግ ባቡር ነጂ እሆናለሁ» ይል ነበር። አደገ። ባጃጅ ይነዳል።

«አንጻራዊ ሰላም» የሚባለውን ነገር ግን ቀስ ብዬ ባልነካው ደስ ይለኛል፤ እሱ ያማል። ባለፈው እናቴን አዲስ አበባ ሐኪም ጋ ልልካት መናኸሪያ ወሰድኳት። አራት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ድሮ ጠዋት ቁርስ ሳይበላ የሚጀመር፣ ማታ ለራት የሚደረስበት መንገድ።

«መንገዱ ሰላም ነው ወይ ልጄ?» አለችው ረዳቱን።

«አንጻራዊ ሰላም አለ እማማ።»

እናቴ ፊደል በመሠረተ ትምህርት ነው የቆጠረችው፤ ቃል ግን አታሳልፍም። «ከምን ጋር አነጻጽራችሁት?»

ረዳቱ አሰበ። «ካለፈው ሳምንት።»

«ያለፈው ሳምንትስ?»

«እሱን ተይው እማማ። አብሽሪ፣ ግቢ።» አብሽሪ የሚለውን ስትሰማ ገባች። እኛ አገር ይቺ ቃል ከትራንስፖርት መምሪያው ማኅተም ትበልጣለች። ወሎዬ አብሽር ካለህ ነገሩ ባይስተካከል እንኳ አብሮህ ይጨነቃል፤ ሪፖርቱ የጎደለው ይሄ ነው።

አገራዊ ምክክሩም ቤታችን ደርሷል። ኮሚሽኑ በ2014 ሲቋቋም ሦስት ዓመት ተሰጠው፤ በ2017 አንድ ዓመት ተጨመረለት። እኔና ባለቤቴም የሳሎኑ መጋረጃ ላይ የጀመርነው ምክክር አጀንዳ ማሰባሰብ ላይ ነው ያለው። ከእሷ በኩል 11 አጀንዳ ገብቷል። ከእኔ በኩል አንድ፤ እሱም «ብር የለም» የሚል ነበር፤ «በፋይናንስ አቅርቦት ረገድ የሚታዩ ተግዳሮቶች» ተብሎ ተቃንቷል።

እሑድ ጎረቤታችን ሐጂ ጋ ቡና ተጠራን። ሐጂ ሰማንያን የተጠጉ ሰው ናቸው። ጃንሆይን አይተዋል፣ ደርግን አይተዋል፣ ኢሕአዴግን አይተዋል፣ ብልጽግናን እያዩ ነው። ጭሱ እየጤሰ አቦሉ ወርዶ ቶናው እስኪደርስ ድረስ ስለ ሽንኩርት ተወራ። በረካው ላይ ዱዓ ተጀመረ።

«ያ ረቢ፣ ሰላም አውርድልን።»

«አሚን!»

«የወጣውን በሰላም መልስልን።»

«አሚን!»

«ዝናቡን በወቅቱ ስጠን።»

«አሚን!»

እዚህ ላይ የጎረቤት ልጅ፣ ስብሰባ የሚያበዛ ወጣት ነው፣ በቅን ልቦና ቀጠለበት። «በሰላምና ጸጥታ ዘርፍ የተገኙ አበረታች ውጤቶችን አጠናክረህ አስቀጥልልን።»

ዝም። ስኒ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። የኔ አፍ ግን «አ…» ብሎ ጀምሮ ነበር፤ ባለቤቴ በክርኗ ጎሸመችኝ።

«ልጄ» አሉ ሐጂ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «አላህን ሪፖርት ነው የምታቀርብለት ወይስ ትለምነዋለህ?»

ሳቁ ከበረደ በኋላ ግን ሐጂ አልሳቁም። «በ65 እና በ66 ስንራብ» አሉ፣ «ዝም ነበር ያሉን። አገር ጤና ነው ተብሎ፣ ዓለም እንኳ የሰማው ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው ካሜራ ይዞ ሲያሳይ ነው። መስከረም 77 ደግሞ ኮረም ላይ ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ፣ አዲስ አበባ ላይ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ይከበር ነበር። አሁን እንደዚያ አይደለም፤ አሁን ይነግሩናል። ብቻ ሲነግሩን ማን እንደተራበ አይታወቅም። ክፍተት ይላሉ፣ እጥረት ይላሉ። እኔ በ66 የቀበርኩት እጥረት አይደለም፤ ወንድሜን ነው።»

ባለቤቴ ስኒውን ሰበሰበች። ማንም አልተናገረም።

ሲቆይ ሐጂ ወደኔ ዞሩ። «አንተ ጸሐፊ ነህ አይደል? ስለ ውሃው ማመልከቻ ጻፍልኝ። እኔ ልናገር፣ አንተ ጻፍ።»

ወረቀት መጣ። ተናገሩ፤ «ውሃ የለም። ከፋሲካ ጀምሮ የለም። ሴቶቹ ጀሪካን ይዘው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ይወጣሉ። ስጡን።» ጻፍኩ።

«እስቲ አንብብልኝ።»

አነበብኩ። «በቀበሌያችን የንጹሕ መጠጥ ውሃ አቅርቦት ላይ የሚስተዋለው መቆራረጥ በእናቶች ላይ ጫና እያሳደረ በመሆኑ፣ ትኩረት እንዲሰጠው በአክብሮት…»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አስቤ አልጻፍኩትም። እጄ ነው።

ሐጂ ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱ፣ ገለበጡት፣ እስክሪብቶውንም ተቀበሉኝ። ልጅ ሆነው መድረሳ በተማሩት በዐረቡ ፊደል፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ አማርኛውን በአጀሚ ጻፉት። የወሎ ሼሆች መንዙማውን የጻፉበት ፊደል ነው። ሁለት መስመር አልሞላም። «ውሰድልኝ» አሉ።

ሰኞ ጠዋት ወሰድኩት። መስኮቱ ጋ ያለው ልጅ ወረቀቱን አየው፣ ዘቅዝቆም አየው።

«በምን ቋንቋ ነው?» አለኝ።

«በአማርኛ ነው።»

«ምን ይላል?»

«ውሃ የለም ይላል።»

ትንሽ አየኝ። ከዚያ መዝገቡን ሳበና ቀን ጽፎ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ «ጉዳዩ» በሚለው ዓምድ ላይ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ሞላው፤ «የመጠጥ ውሃ መቆራረጥን ይመለከታል»።