እርማት፦ ኮምፔርሳቶ በሁለቱም አቅጣጫ እኩል አይጠነክርም

ኮምፔርሳቶ ስስ የእንጨት ንጣፎች ተደራርበው የተጣበቁበት ጣውላ ነው። «ኮምፔርሳቶ ንጣፎቹ ተሻግረው ስለሚጣበቁ በየትም በኩል ቢቆረጥ ጥንካሬው አንድ ነው» የሚለው ምክር ስህተት ነው። ብዙ መደርደሪያ የሚጎብጠውም በዚህ ምክር ነው።

መሻገሩ የሚጠቅመው ጣውላው በእርጥበት እንዳያብጥና እንዳይኮማተር፣ ምስማር ሲመታበትም እንዳይሰነጠቅ ነው። ሸክም ሲያጎብጠው ግን ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ከመሃል የራቁት ንጣፎች ናቸው። እኩል ውፍረት ያላቸው 3 ንጣፎች ያሉበትን እንውሰድ። የላይኛውና የታችኛው ንጣፍ ቃጫ (የእንጨቱ መስመር) በርዝመቱ ከሄደ፣ ከግትርነቱ 27 እጅ 26ቱን እነሱ ይይዛሉ፤ ለመሃለኛው የሚቀረው 1 እጅ ነው። ጣውላውን 90 ዲግሪ አዙራችሁ ስታስቀምጡ በዋናነት የምትተማመኑት በዚያች 1 እጅ ላይ ነው! 5 እኩል ንጣፍ ሲሆን በግምት ከመቶ 79ኙን በርዝመቱ የሚሄዱት፣ 21ዱን ተሻጋሪዎቹ ይይዛሉ። ንጣፉ ሲበዛ ልዩነቱ ይጠባል እንጂ አይጠፋም።

ስለዚህ ከመቁረጣችሁ በፊት የፊቱን ቃጫ እዩ። በ122 በ244 ሳንቲሜትር ጣውላ ላይ ቃጫው አብዛኛውን ጊዜ በ244ቱ በኩል ይሄዳል። የ120 ሳንቲሜትር መደርደሪያ ከወርዱ ከቆረጣችሁ ደካማውን አቅጣጫ ወሰዳችሁ ማለት ነው። ቃጫው ከድጋፍ ወደ ድጋፍ መሄድ አለበት፤ ለአርማታ ማፍሰሻ ቅርጽም ቃጫው ከሥር የሚደግፉትን ሞራሌዎች አቋርጦ እንዲሄድ ይነጠፍ።

ፎርማይካ በአንድ ገጽ ብቻ መለጠፍም ሚዛኑን ያፋልሳል፤ ሁለቱ ገጾች እርጥበት እኩል ስለማይስቡ ጣውላው ይጣመማል። ጀርባውንም በተመሳሳይ ውፍረት ልበዱት።