ይድረስ ለክቡር ሞንታርቦ

በእድራችን ጽሕፈት ቤት ጣሪያ ላይ፣ ጎንደር

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከጩኸትዎ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እሑድ ከቅዳሴ ተመልሼ ቡናው ሳይፈላ «አንድ፣ ሁለት፤ አንድ፣ ሁለት» እያሉ ይጀምራሉ። ሦስት ሲሉ ግን ሰምቼዎት አላውቅም። ከሁለት በላይ መቁጠር ወደ ሒሳብ ምርመራ ስለሚያስገባ ይሆናል።

ጌታዎ የእድር ዳኛ ከመሆናቸው በፊት ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው «ቅጣት ይቅር! መዋጮ በግማሽ ይቀነስ! ማንም ድሃ ያለ ድንኳን ሐዘን አይቀመጥም!» ይሉ ነበር። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ እጄን ይቁረጠው። በተመረጡ ማግሥት የመጀመሪያው ግዢ እርስዎ ሆኑ። ትልቁ ሰታቴ ግን ቀዳዳው እስከ ዛሬ በሳሙና ተደፍኖ ይሠራል።

የአገራችን አዝማሪ ጌታውን ሲያሞግስ በዚያው ስንኝ ይወጋዋል። እርስዎ ወርቅ የሌለው ሰም ነዎት።

ባለፈው ወር የጎረቤታችን እማማ ወንድም አረፉ። እማማ የ7 ወር መዋጮ አልከፈሉም፤ በደንቡ መሠረት ድንኳን አይገባቸውም። ድንኳኑም ሠርግ ላይ ነበር፤ መዋጮው ከተቀነሰ ወዲህ ካዝናውን ለመደጎም ይከራያል። ሙሽራው በምርጫው ዕለት ሲያጨበጭብ መዳፉ የቀላው ሰውዬ ልጅ ነው።

ማታ እማማ ቤት ተቀምጠን ሳለ ዳኛው ብቻቸውን መጡ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ቡናውን ሳይቀምሱ፣ ስኒውን እስኪቀዘቅዝ ሲያዞሩት ቆዩ። «እማማ፣ ደንቡን ከጣስሁ ነገ የሚከፍል አላገኝም፤ ካልጣስሁ ደግሞ ቃሌን በላሁ» አሉ። ያለ እርስዎ ሲናገሩ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ድምፃቸው ለካ ቀጭን ነው። ልዋሽ አልችልም፣ አዘንኩላቸው። በማግሥቱ ከኪሳቸው ከፍለው ሸራ አስወጠሩ።

እሑድ እርስዎ ተነሡና «እድራችን ለምስኪኗ እናት ድንኳን ተከለ!» አሉ። ሰፈሩ አጨበጨበ፤ እማማ አንገታቸውን ደፉ። ሸራው ድንኳን፣ የዳኛው ኪስ የእድሩ ካዝና ሆነ፤ ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ። ዳኛው ያን ማታ ያሉትን በቀን ቢደግሙት ኖሮ መዋጮውን ወደ ቀድሞው ለመመለስ እኔ የመጀመሪያው በሆንኩ። ግን እርስዎ ባሉበት ማን «ተሳስቻለሁ» ይላል?

ፒያሳ ሐውልታቸው የቆመው አፄ ቴዎድሮስም ካሳ ሳሉ የዘረፉትን ለገበሬ ያካፍሉ ነበር። በ1847 ዓ.ም. ነገሡ፤ ሠራዊቱ ቀለብ ፈለገ፤ በመሬት ጉዳይ ከካህናቱ ጋር ተቃቃሩ፤ በ1859 ዓ.ም. ይህችኑ ጎንደርን ዘርፈው አቃጠሏት። ያውም ያለ ሞንታርቦ። የእኛ ዳኛ የሚያቃጥሉት የሠፈሩን ጆሮ ብቻ ስለሆነ ተመስገን እላለሁ።

አንድ ልመና አለኝ። ሒሳብ ሹሙ መዝገቡን ሲገልጥ ሁልጊዜ እርስዎ ጭጭ ይላሉ። መብራት ሄደ ይባላል፤ የአጥር ጎረቤቴ ቴሌቪዥን ግን ኳስ እያሳየ ነው። በሚቀጥለው እሑድ እስከ ገጹ መጨረሻ ይብራልዎት።

አክባሪዎ፣
መዋጮውን በወቅቱ የከፈለ ጎረቤት

ማሳሰቢያ፦ የሰታቴው ሳሙና አልቋል።